ስለ ተቀጠቀጠው ብረት
(በማኅበራችን የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ በቅዳሜ ጎልፍ ቡድን ስም የቀረበ ንግግር)



 የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ለየቡድኑ ጊዜ ሲያከፋፍል ለእኛም ለጎልፍ ተጫዋቾቹ ሩብ ሰዓት ደርሶናል። ወጣቶቹ ቴአትር፣ የእናቶች ዕድር ሪፖርት፣ እኛ ደግሞ «ስለዚያ ብረት» እንድናቀርብ ታዘናል። «ያ ብረት» የሚለው ስም ከየት እንደመጣ አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ አንዲት እኅታችን ተነሥተው፣ «ለአማርኛ ትምህርት ቤቱ ወንበር መግዣ ቸገረን ስትሉ ከርማችሁ፣ ለአንድ ቦርሳ ብረት ይህን ሁሉ ገንዘብ?» ብለው ጠይቀው ነበር። ጥያቄው የሚያስከፋ አልነበረም። ግን በዚያ ሰዓት ቆመን የምንመልሰው ስላልነበረ ስድስት ወር ታገሡን አልን። ስድስቱ ወር ስላለቀ ይኸው ቀርበናል።

በመጀመሪያ የገንዘቡን ነገር ግልጽ እናድርግ። ከማኅበሩ ካዝና አንዲት ሳንቲም አልወጣችም። እኛ አሥር ሰዎች ነን፤ ባለሱቅ አለን፣ ባለጋራዥ አለን፣ ባለምግብ ቤት አለን፣ አንዲት ነርስ አለችን፣ የቢሮ ሠራተኞችም አሉን። እንደ ማንኛውም አበሻ ዕቁብ እንጥላለን። ለአራት ወር እያንዳንዳችን በወር 5,000 ሽልንግ ጣልንና 200,000 ሽልንግ ሞላ። ሰባቱ ብረቶች፣ ማለትም ከአራት ቁጥር እስከ ዘጠኝ ቁጥርና ፒቺንግ ዌጁ፣ መግዣው፣ ማጓጓዣው፣ ቀረጡና 16 በመቶው ቫት ተደምሮ 196,000 ሽልንግ ፈጁ። አዲስ ናቸው፣ ካርቶናቸው ያልተከፈተ፤ ግን የቀደመው ዓመት ሞዴል ስለሆኑ በቅናሽ ነው የተገኙት። የቀረችው 4,000 ሽልንግ ለኳስ ሆነች። ደረሰኙ በጸሐፊያችን እጅ አለ፤ ማየት የፈለገ ይጠይቅ።

ለምን አንድ ቦርሳ ብቻ? ሦስቶቻችን የየራሳችንን ለማዘዝ ዋጋ ጠይቀን ጨርሰን ነበር። የአንዱ ልጅ ዩኒቨርሲቲ የሚገባበት ዓመት ነው። የሌላው የሱቅ ኪራይ ጨምሯል። ሦስት ሰው 600,000 ሽልንግ ገደማ አውጥቶ በኋላ ከሚጸጸት፣ አሥር ሰው 200,000 አዋጥቶ ይፈትነው ተባባልን። ነጋዴ ያላየውን ዕቃ በመቶ ካርቶን አያዝዝም፤ መጀመሪያ ናሙና ያስመጣል። እኛም ናሙና ነው ያስመጣነው። የምርቱን ስም አንናገርም። ብናመሰግነው ማስታወቂያ፣ ብንነቅፈው ሐሜት ይሆናል።

አሁን ወደ ብረቱ እንግባ። የጎልፍ ብረት ሁለት ዓይነት አሠራር አለው። አንዱ ብረቱ ይቀልጥና ቅርጽ ውስጥ ይፈስሳል፣ ሲቀዘቅዝ ይወጣል። ሁለተኛው ድፍን ብረት በእሳት እስኪግል ይሞቅና በከባድ መዶሻና በፕሬስ እየተመታ ቅርጹን ይይዛል። የመጀመሪያው የፈሰሰ፣ ሁለተኛው የተቀጠቀጠ ነው። ልዩነቱ ለልጆቻችን እንዲገባቸው ከአገራችን እንነሣ። ዓፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩት፣ በኋላም እስከ መቅደላ አምባ ያስጎተቱት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የፈሰሰ ነው። ገበሬ አጎቶቻችን የሚያርሱበት ማረሻ ደግሞ የተቀጠቀጠ ነው፤ በየዓመቱ ሲዶለዱም ቀጥቃጩ ዘንድ ተወስዶ በእሳትና በመዶሻ ይሳላል። እዚሁ ናይሮቢ ካሙኩንጂ የሄደ ሰው ጁዋ ካሊዎቹ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለው ብረት ሲደበድቡ ከሩቅ ይሰማል። ቀጥቃጭን በየሰፈሩ ስንሰድብ የኖርን ሕዝብ ነን። ዓፄ ምኒልክ እንኳ ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ እስኪያስነግሩ ደርሰዋል። ዛሬ ታዲያ «በመዶሻ የተሠራ ነው» ለሚል ጽሑፍ ነው ተጨማሪ ዋጋ የምንከፍለው።

በሱቃችን የቧንቧና የቤት መሥሪያ ዕቃ እንሸጣለን። የተቀጠቀጠው መፍቻ እጀታው ላይ ተጽፎበታል፣ ዋጋውም ይበልጣል። የፈሰሰውን ርካሽ መፍቻ መካኒኩ ጫፉ ላይ ቱቦ አስገብቶ ሲጫነው ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ስለዚህ መጀመሪያ የመሰለን በጎልፉም እንዲሁ ነበር፤ የተቀጠቀጠው የሚመረጠው ስለማይሰበር ነው አልን። ነገሩ እንዲያ አይደለም። የፈሰሰውም የጎልፍ ብረት ኳስ ስለመታ አይሰበርም። እንዲያውም በብዛት የሚሠራበት ዝገት የማይነካው ብረት ከተቀጠቀጠው ይልቅ ጠንካራ ነው። የተቀጠቀጠው የሚሠራው ካርቦኑ ትንሽ ከሆነ፣ ከመቶ ሩብ እጅ ገደማ ብቻ ካለው ለስላሳ ብረት ነው፤ እንዳይዝግ ላዩ በክሮም ይለበጣል። የሚፈለገውም ለልስላሴው ነው። በእጅ ላይ የሚሰማው ስሜት፣ እንደልብ መጠምዘዙ፣ ሞረዱም በቀላሉ የሚያስተካክለው መሆኑ።

ድሮ የጎልፍ ብረት ሁሉ የተቀጠቀጠ ነበር፤ ስኮትላንድ ውስጥ የሚሠሩት ቀጥቃጮች ነበሩ። ነገሩን የለወጠው ካርስተን ሶልሃይም የሚባል በኖርዌይ ተወልዶ አሜሪካ ያደገ መሐንዲስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ፒንግ የሚለውን ስም የሰጠውን ፓተር ሠራ። በኋላም ብረቶችን በማፍሰስ፣ ጀርባቸውን እየቦረቦረ ክብደቱን ወደ ዳር ማውጣት ጀመረ። ክብደቱ ዳር ሲሆን ኳሱን መሐል ላይ ያልመታ ሰው ጥፋቱ ይቀልለታል። በጃፓን በኩል ደግሞ እነሚዙኖ የመቀጥቀጡን ጥበብ አልተዉም፤ ብረታቸው ሂሮሺማ ውስጥ ሲቀጠቀጥ ኖሯል። ዛሬ ሁለቱ መንገዶች ተቀላቅለዋል። የተቀጠቀጠ ሆኖ ጀርባው የተቦረቦረ አለ፤ ፊቱ ብቻ ተቀጥቅጦ አካሉ የፈሰሰም አለ። ስለዚህ «ፎርጅድ» የሚል ጽሑፍ ያየ ሰው ምኑ ነው የተቀጠቀጠው ብሎ ይጠይቅ። የእኛዎቹ ሙሉ በሙሉ የተቀጠቀጡ፣ ጀርባቸው በትንሹ የተቦረቦረ ናቸው።

ፈተናውን እንዲህ አደረግነው። ስድስት ወር ሃያ ስድስት ቅዳሜ ነው። እያንዳንዱ ሰው ሁለት ሁለት ቅዳሜ በተራ ተጫወተበት። የቀሩትን ስድስት ቅዳሜዎች ሁላችንም መለማመጃው ሜዳ ላይ ቆመን አሮጌውን ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን መታን። ጸሐፊያችን በሱቅ ደብተር ላይ መዘገበ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ሐዘን ቤት ይመስል ነበር። ባለጋራዡ ወዳጃችን በአሮጌው ሰባት ቁጥር ኳሱን 135 ሜትር ይልካል። በአዲሱ ሰባት ቁጥር 125 ሜትር ላይ ወደቀ። ደገመው፣ ሠለሰው፣ ያው ነው። «ይህን ሁሉ ከፍለን ኳሱ አጠረ?» አለ። ቀጥሎ የመታውም ያው ሆነ፣ ከዚያ በኋላ የመታችውም እንዲሁ። ከመካከላችን አንዱ ማን ያታለለን እንደሆነ ለማወቅ ስልክ አውጥቶ ሊደውል ነበር።

ምክንያቱ በኋላ ተገኘ፤ እያንዳንዱ ጎልፍ የሚጫወት አባል ሊያውቀው ስለሚገባ ትንሽ እንቆይበት። የብረቱ ፊት ወደ ኋላ የሚጋደልበት ልክ በዲግሪ ይለካል። ፊቱ ሲጋደል ኳሱ ወደ ላይ ይነሣና ያጥራል፣ ሲቆም ዝቅ ብሎ ይርቃል። ከአርባና ከሃምሳ ዓመት በፊት ሰባት ቁጥር 36 ዲግሪ ገደማ ነበር። ዛሬ ለጀማሪና ለመካከለኛ ተጫዋች የሚሸጡት ብዙዎቹ ሰባት ቁጥሮች 30 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ናቸው። ማለትም የድሮው አምስት ወይም ስድስት ቁጥር ላይ ሰባት ተብሎ ተጽፎበታል። ገዢው ሱቅ ውስጥ ይመታና «በሰባት ቁጥር ይህን ያህል ላክሁ!» ይላል፤ ደስ ብሎት ይከፍላል። አርባ አራት ቁጥር ጫማ ላይ አርባ ሁለት ብሎ እንደመጻፍ ነው። በሱቅ የኖርን ሰዎች ስለሆንን ብልሃቱ አላስገረመንም፤ የማናውቀው ጎልፍ ውስጥ መግባቱን ነበር። የባለጋራዡ አሮጌ ሰባት ቁጥር 30 ዲግሪ፣ አዲሱ 34 ዲግሪ ነው። አራት ዲግሪ አንድ ቁጥር ያህል ነው፤ አሥሯ ሜትር እዚያ ነው የቀረችው። የአዲሱን ስድስት ቁጥር አንሥቶ ሲመታ ኳሱ የድሮ ቦታው ደረሰ። ብረቱ ስለተቀጠቀጠ አላጠረም፤ ስለፈሰሰም አልረዘመም።

እግረ መንገዳችንን፣ ናይሮቢ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ይላል፤ ኳስ ከሞምባሳ ይልቅ ከመቶ ስድስት እስከ አሥር እጅ ይርቃል። ለእረፍት ሞምባሳ ወርዳችሁ ኳሳችሁ ቢያጥር ብረቱን አትርገሙ።

ሁለተኛው ጉዳይ ልስላሴው ነው። የተቀጠቀጠ ብረት የሚመታ ሁሉ «ቅቤ ነው» ይላል። እኛም ኳሱን መሐል ላይ ስናገኘው አልን። አንድ ቅዳሜ ግን ነርሷ እኅታችን ጥጥ ይዛ መጣች። ሁላችንም ጆሯችንን ወተፍን፣ ዓይናችንን ወደ ሩቅ አደረግን፣ ካዲያችን አንዴ አሮጌውን አንዴ አዲሱን ሰባት ቁጥር ያቀብለን ጀመር። ከአሥራችን ሰባታችን የቱ የቱ እንደሆነ መለየት አቃተን። ጥጡን ስናወጣ ልስላሴው ተመለሰ! ብረቱና ኳሱ የሚነካኩት ለአንድ ሺኛ ሰከንድ ግማሽ ያህል ነው። እጃችን ነገሩን ሲሰማ ኳሱ ሄዷል፤ የቀረውን የሚጨምርልን ጆሯችን ነው። ይህን ስንል ስሜቱ ውሸት ነው ማለታችን አይደለም። ዳቦ ሲጋገር ሽታው ዳቦ አይደለም፣ ግን ዳቦ ቤት የሚያስገባን እሱ ነው። ልስላሴ ፈልጎ የሚገዛ ሰው ድምፅም እየገዛ መሆኑን ይወቅ እንጂ።

ሦስቱ መለየት የቻሉት ምን አላቸው? ሦስቱም ከቡድናችን የተሻሉት ናቸው፤ ከአሥር ኳስ ሰባቱን ስምንቱን መሐል ላይ ያገኛሉ። ኳሱ ወደ ጫፍ ሲሄድባቸው ያውቁታል፣ በሚቀጥለውም ያርማሉ። ለእነሱ ይህ ብረት አስተማሪ ሆነላቸው። ለቀረነው ለሰባታችን ግን ነገሩ ሌላ ነው። መሐል የምናገኘው በዕድል ነው። ከመካከላችን አንዳንዱ የሚመታው እንደ ገና ጨዋታ ነው፤ ሩር እንደሚመታ ሰው ዝቅ ብሎ፣ እግሩን ከፍቶ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ። ለእንዲህ ያለ ምት የሶልሃይም የተቦረቦረ ብረት ነው የሚያዝንለት። በደብተሩ መሠረት ሰባታችን በአዲሱ ብረት የተጫወትንባቸው ቀናት ውጤት ከቀድሞው የከፋ ነው፤ የአንዳንዱ በሦስት፣ የአንዳንዱ በስድስት ምት። ሦስቱ በአንድና በሁለት ምት አሻሽለዋል። ቁጥሩ ይኸው ነው። ሁለት ቅዳሜ ለአንድ ሰው ትንሽ ነው የሚል ካለ ልክ ነው፤ ግን ሰባቱም ወደ አንድ ወገን አዘንብለዋል።

ሦስተኛ፣ መሬታችን። ሜዳው በኪኩዩ ሣር የተሸፈነ ነው። ሣሩ የዚሁ የምሥራቅ አፍሪቃ ደጋ ተወላጅ ነው፤ ወፍራም ስለሆነ የብረቱን አንገት ይይዛል። ከሥሩ ቀይ አፈር፣ በበጋ እንደ ሲሚንቶ የሚደርቅ፣ አልፎ አልፎም ጠጠር ያለበት። ለስላሳው ብረት በስድስት ወር ውስጥ ታችኛው ጠርዙ ተጫጫረ፤ ክሮሙም ሁለት ቦታ ተላጠ። የዘጠኝ ቁጥሩ አንገት ሲለካ በአንድ ዲግሪ ተጣሞ ተገኘ። ለስላሳ ብረት ስለሆነ ይሄ የሚጠበቅ ነው፤ በዓመት አንድ ጊዜ ማስለካት ግድ ይላል።

ያው ልስላሴ ግን ይጠቅማልም። ከመካከላችን አንዱ ቁመቱ 1 ሜትር ከ90 ነው። ቆሞ ዱላውን ሲያሳርፍ የብረቱ ጫፍ መሬት ይቆፍራል፣ ተረከዙ ይነሣል፤ ኳሱም ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ይሄድበታል። ስንት ዓመት «አመታትህ ነው» ስንለው ኖረናል። በእሱ ተራ ብረቶቹን ጠጋኙ ዘንድ ወሰድንና አንገታቸውን በሁለት ዲግሪ አስነሣናቸው። ኳሱ ቀጥ አለ። ተራው ሲያልቅ መልሰን አስጠመዘዝነው፤ ጠጋኙ «አንድ ጊዜ ይሁን፣ ልማድ አታድርጉት» ብሎናል። የእሱን አሮጌ የፈሰሰ ብረት ግን ጠንካራ ስለሆነ ሊሰበር ይችላል ብሎ ከአንድ ዲግሪ በላይ አልነካም አለ። ከሁላችን በዚህ ፈተና ብዙ ያተረፈው ይህ ወዳጃችን ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። አሁን ያገለገለ የተቀጠቀጠ ብረት እየፈለገ ነው፤ ያላችሁ ንገሩት።

አሁን የምንናገረው ለእኛ ከብረቱ ይበልጣል። ጋሼ እያልን የምንጠራቸው አንጋፋ አባላችን እዚህ ተቀምጠዋል፤ እንድንናገር ፈቅደውልናል። ዕድሜያቸው ሰባ አልፏል። ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድተዋል፤ ጣቶቻቸው በብርድ ይደነዝዛሉ፣ መጋጠሚያው ያብጣል። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ከቤት የሚወጡት እሑድ ለቤተ ክርስቲያን፣ ቅዳሜ ከእኛ ጋር ነበር። ባለፈው ሐምሌ በናይሮቢ ብርድ አንድ ኳስ በጫፍ ሲመቱ ሕመሙ እስከ ክርናቸው ወጣና ዱላውን ሣሩ ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ለአምስት ቅዳሜ ቀሩ። ስንደውልላቸው «ደኅና ነኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው» ይላሉ። ጡረታ የወጡ ሰው ምን ሥራ አላቸው?

እውነቱን ለመናገር ዕቁቡ ሲጀመር ብዙዎቻችን ያሰብነው እሳቸውን ነው። ለስላሳ ብረት ለታመመ እጅ ይሆናል የሚል ወሬ ሰምተን ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው ተራ የእሳቸው ሆነ። ሁለት ጉድጓድ ተጫወቱ፤ መሐል ላይ ሲያገኙት ፈገግ አሉ፣ በጫፍ ሲመቱት ፊታቸው ተቋጠረ። ሦስተኛው ላይ ጓንታቸውን አወለቁ። የተቀጠቀጠው ብረት ለእጃቸው ምንም አልጨመረላቸውም፤ ጀርባው ብዙ ስላልተቦረቦረም በጫፍ የተመታው ኳስ እንዲያውም ባሰባቸው።

ለጋሼ መፍትሔ ያመጣው ጠጋኙ ነው። ንዝረቱን ወደ እጅ የሚያመጣው ዘንጉ ነው አለን። የብረት ዘንግ ንዝረቱን እንዳለ ያደርሳል፣ የግራፋይት ዘንግ ይቀንሰዋል፤ ወፈር ያለ ለስላሳ የጎማ እጀታ ሲጨመርበት ደግሞ ጣት አጥብቆ መያዝ አያሻውም። የራሳቸውን አሮጌ የፈሰሰ ብረት ወሰድንና ለአምስቱ ብረቶች ያገለገለ የግራፋይት ዘንግና ወፍራም እጀታ አስገጠምንላቸው። የወጣው ገንዘብ የአዲሱ ቦርሳ ስድስተኛ እጅ አይሞላም። አሁን ዘጠኝ ጉድጓድ ይጫወታሉ። አሥረኛው ላይ ሲደርሱ ክበቡ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው ሻያቸውን ይዘው ይጠብቁናል፤ ስንመለስ «ስንት ገባ?» ብለው መጠየቃቸውንም ቀጥለዋል። ቅዳሜ ቀርተው አያውቁም።

በመጨረሻ ብረቱ የት ገባ? ይህ በቡድናችን ውስጥ ክርክር አስነሥቷል፤ ሁለት ስብሰባ ፈጅቷል። ሦስቱ የተሻሉ ተጫዋቾች እያንዳንዳቸው ሊገዙት ፈለጉ። ሌሎች በዛሬው በዓል ላይ ሎተሪ ይውጣበት አሉ። ካዲያችን ደግሞ ጥያቄ አቀረበ። ይህ ወጣት ለስምንት ዓመት ቦርሳችንን የተሸከመ ነው። ከሰዎች የተጣሉ ብረቶችን ለቃቅሞ፣ ሰባት ቁጥሩ ከአንዱ፣ ስምንት ቁጥሩ ከሌላው፣ በእሱ ይጫወታል፤ ሰኞ ሰኞ ክበቡ ለካዲዎች ሜዳውን ሲፈቅድ ሁላችንንም የሚያስንቅ ጨዋታ ያሳያል። በጥጡ ፈተና ቀን እሱንም አስመታነው። ጆሮው ተወትፎ፣ አሥር ኳስ፣ አሥሩንም የቱ ብረት እንደሆነና ፊቱ ላይ የት እንደነካ ነገረን። ስምንተኛው ላይ ተሳሳተ ብለን ስቀን ነበር፤ ብረቱን ገልብጠን ስናየው የኳሱ ምልክት እሱ ያለበት ቦታ ላይ ነው።

«በየወሩ 8,000 ሽልንግ ልክፈልና ስጡኝ» አለ። ዋጋውን ስላገለገለ 120,000 ብለን ነበር፤ አሥራ አምስት ወር ማለት ነው። ተቃውሞ ተነሣ። «ካዲ ነው፣ ገቢው የቀን ነው፣ ሥራ ቢያጣ በምን ይከፍላል?» የሚል ነበር፤ «በጥሬ ገንዘብ የሚገዛ አባል እያለ ለውጭ ሰው ዱቤ?» የሚልም ነበር። ሁለቱም ሞኝ አይደሉም። ባለሱቅ ሆነን ዱቤ ምን እንደሚያስከትል የምናውቀው እኛ ነን፤ ያልተከፈለ ዱቤ የሞላበት ደብተር በመደርደሪያችን ሥር አለ። ነገር ግን በዚያው ደብተር የማን ስም ተሰርዞ የማን እንዳልተሰረዘ ስናይ፣ በደመወዝ የሚኖረው ሁልጊዜ ከፋይ፣ በቀን ገቢ የሚኖረው ሁልጊዜ ወስላታ ሆኖ አላገኘነውም። ድምፅ ተሰጠ፤ ስድስት ለአራት በሆነ ውሳኔ ለእሱ ሆነ። ብረቱ የተረከበው በስም ተጽፎ፣ በሁለት ምስክር ነው። እስከ ዛሬ አራት ወር ከፍሏል፤ አንዱንም ወር ከአምስተኛው ቀን አላሳለፈም። ውሳኔውን የተቃወሙት አራት ወንድሞቻችን ሐሳባቸውን አልለወጡም፤ መብታቸው ነው፤ ከእሱ ጋር ግን በሰላም ይጫወታሉ። ጋሼን ሲያገኛቸው «ምዜ» ብሎ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሣል፣ የእሳቸውን ቦርሳም ያለ ክፍያ ነው የሚሸከመው፤ እኛ አላዘዝነውም።

ከወርኃዊው ክፍያ ግማሹ ወደ ዕቁባችን ይመለሳል። ግማሹ፣ 4,000 ሽልንግ፣ ለአማርኛ ትምህርት ቤቱ ወንበር እንዲውል በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። እስካሁን 16,000 ሽልንግ ለትምህርት ቤቱ ገንዘብ ያዥ አስረክበናል፤ ደረሰኙን ጉባኤ ላይ ለጠየቁን እኅታችን ራሳቸው አይተው ፈርመውበታል። አሥራ አምስቱ ወር ሲሞላ 60,000 ይሆናል።

ሊገዙ ላሰቡት የምንለው አጭር ነው። ሃንዲካፓችሁ ከአሥራ ሁለት በታች ከሆነ፣ መሐል ላይ የምትመቱ ከሆናችሁ፣ የተቀጠቀጠውን ሞክሩት፤ አዲስ መሆን የለበትም፣ ክሮሙ ያልተላጠ፣ ጭረቱ ያልደከመ ይሁን እንጂ ያገለገለውም ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆናችሁ በገንዘቡ መጀመሪያ ጠጋኙ ዘንድ ሄዳችሁ ያላችሁን ብረት ቁመታችሁ ልክ አስደርጉት፣ እጀታውን አስለውጡ። ዋጋ ስትጠይቁም ቁጥሩን ሳይሆን ዲግሪውን ጠይቁ።

አንድ የቀረ ጉዳይ አለ። ከአባላት የተሰበሰቡ አሮጌ የፈሰሱ ብረቶች አሥራ ሰባት ደርሰዋል። ጠጋኙ ዘንጋቸውን ለልጆች ቁመት እየቆረጠ ቀጭን እጀታ ገጥሞላቸዋል። በሱቃችን ኋላ ክፍል ነው ያሉት፤ ለቤት ዕቃ ገዢ እንዳይሸጡ ምልክት ተደርጎባቸዋል። ዕድሜያቸው ከስምንት እስከ አሥራ አራት የሆነ ወንዶችና ሴቶች ልጆች ያሏችሁ ወላጆች፣ ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ልጁን ይዛችሁ ኑ። ቁመቱን ለክተን እንሰጣለን፤ ክፍያ የለውም፣ ሲያድግ መልሶ ትልቁን ይወስዳል። የልጆቹ ልምምድ ከአማርኛው ትምህርት ጋር እንዳይጋጭ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በስምንት ሰዓት ተደርጓል፤ የሚያለማምዳቸውም ካዲያችን ነው። ለስላሳ ጫማና ኮፍያ ይያዙ፤ ውኃ እኛ እናቀርባለን።